አሮጌው ጠመንጃ በሞረድ ሥር

በአሜሪካ ጠመንጃ ጠጋኞች የሥራ ጠረጴዛ ላይ በየጊዜው የሚቀርብ አንድ ዓይነት እንግዳ አለ። ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ፣ ሰደፉ በላብና በዘይት የጠቆረ፣ ብረቱ የቀድሞ ቀለሙን ለቆ ወደ ቡናማነት ያዘነበለ ሾትገን ነው። ሾትገን ማለት በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚበትን፣ በመሠረቱ ለወፍና ለትናንሽ አውሬ አደን የተሠራ ጠመንጃ ነው። ባለቤቱ ወደ ጠጋኙ ይዞት የሚመጣው ስለ ተሰበረ ብቻ አይደለም። የሚፈልገው፣ መልኩ በተሠራበት ዘመን እንደ ነበረ እንዲቆይ፣ ውስጡ ግን ሠሪዎቹ ፈጽሞ ላላሰቡት ተግባር እንዲፈጥን ነው። ያ ተግባር ጦርነትም አደንም ሳይሆን ጨዋታ ነው።

ጨዋታው የካውቦይ ተኩስ ውድድር በመባል ይታወቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ካሊፎርኒያ ተጀምሮ፣ በ1987 «ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ» የተባለው ማኅበር ሲመሠረት ወጥ ደንብ አገኘ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተወዳዳሪው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ምዕራብ የነበረውን አለባበስ ይለብሳል፤ ሌላ ሰው ያልያዘው የጨዋታ ስም መርጦም በማኅበሩ መዝገብ ያስመዘግባል። ሁለት ሽጉጥ፣ አንድ ጠመንጃና አንድ ሾትገን ይዞ፣ በጣውላ በተሠራ የይስሙላ መጠጥ ቤት ወይም ባንክ ፊት ቆሞ፣ የተተከሉለትን የብረት ዒላማዎች በታዘዘው ቅደም ተከተል ይመታል። የተኩስ ድምፅ የሚያዳምጥ ሰዓት ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ተኩስ የፈጀውን ጊዜ ይመዘግባል። ለሳተው እያንዳንዱ ዒላማ አምስት ሴኮንድ ይጨመርበታል። አሸናፊው ጥቂት ጊዜ የፈጀው ነው።

ሾትገኑን በሚመለከት ደንቡ ጥብቅ ነው። የሚፈቀዱት ሦስት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው አንድ አፈሙዝ ወይም ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት አፈሙዞች ያሉት፣ ሲከፈት ቀለሁን በራሱ ወርውሮ የማያወጣ ነው። ሁለተኛው በ1887 እንደ ወጣው የዊንቸስተር ሥራ፣ ከቃታው ሥር ያለው የብረት ማንሻ ወደ ታችና ወደ ላይ እየተገፋ የሚያጎርሰው ነው። ሦስተኛው ከበርሜሉ ሥር ያለው እጀታ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሳብ፣ መዶሻውም ከውጭ የሚታይ የሆነው፣ የ1897ቱ ዊንቸስተር ዓይነት ነው። በ1912 ከዚያው ፋብሪካ የወጣው ሞዴል 12 መዶሻው በውስጥ በመደበቁ ብቻ ከጨዋታው ይከለከላል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጠጋኙን ሥራ የወሰነው ግን ሌላ አንቀጽ ነው። ሾትገኑ ተራው እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ በአንድ ጊዜም ከሁለት ጥይት በላይ አይጎርስም። ስለዚህ በሾትገን በኩል ያለው ውድድር ከመተኮስ ይልቅ የማጉረስ ውድድር ነው ማለት ይቻላል። ጥይቱን ከቀበቶው ጥንድ ጥንድ አድርጎ መዝዞ በፍጥነት ማጉረስ፣ ተኩሶም ቀለሁን ማራገፍ የቻለ ጣት ያሸንፋል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ያለፈውን ዘመን ከነልብሱ፣ ከነስሙና ከነመሣሪያው እመልሳለሁ ብሎ የተነሣ ጨዋታ፣ የዚያን ዘመን መሣሪያ እንደ ነበረ ለመቀበል ያልቻለው ስለ ምን ነው? ሞረዱ የሚፍቀውስ ብረቱን ብቻ ነውን? መልሱን ለማግኘት ጠመንጃው ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እንዳለፈ መመልከት ያስፈልጋል።

ሾትገን በአሜሪካ ገጠር ሲኖር በመጀመሪያ የገበሬ ዕቃ ነበር። ከማረሻውና ከመጥረቢያው ጋር ጥግ ተደግፎ የሚቀመጥ፣ ዶሮ የሚሰርቀውን ቀበሮ የሚያባርር፣ ለእራት የሚሆን ጥንቸል ወይም ዳክዬ የሚያስገኝ መሣሪያ ነበር። አንድ አረር ብቻ የሚተኩስ ጠመንጃ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል፤ የሚበትነው ግን ለደከመ እጅም ያዝናል። የስፋቱ ስያሜ እንኳ የገበያ ሚዛን ጠባይ አለው። ቁጥር 12 የሚባለው፣ የበርሜሉን ውስጣዊ ስፋት የሚያክል ድቡልቡል እርሳስ ቢሠራ አሥራ ሁለቱ በአንድነት አንድ ፓውንድ ስለሚመዝኑ ነው፤ ቁጥር 10 ቢባል አሥሩ አንድ ፓውንድ ይሞላሉ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል።

ወደ ምዕት ዓመቱ መጨረሻ ገደማ ርካሽ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገኖች ከቤልጂግ፣ በተለይም ከሊዬዥ ከተማ፣ በብዛት ወደ አሜሪካ ይገቡ ነበር። ሊዬዥ ላይ ብዙው የጠመንጃ ክፍል በየቤታቸው በሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በርሜሉን አንዱ፣ መቆለፊያውን ሌላው፣ ሰደፉን ሦስተኛው ይሠሩት ነበር። በአሜሪካም በኮኔቲከትና በማሳቹሴትስ ያሉ ፋብሪካዎች ተመሳሳይ ዕቃ ያወጡ ነበር። ገበሬው ከአካባቢው የብረታ ብረት መደብር ወይም በፖስታ ከሚደርሰው የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ መርጦ ይገዛል። በብዙዎቹ ላይ የተቀረጸው ስም የሻጩ እንጂ የሠሪው አይደለም። የሠሪው እጅ ያለ ስም አልፏል።

ሾትገን ወደ ታሪክ ገጽ የወጣው በሠረገላ ነው። በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ፣ ወርቅና ደመወዝ የሚያጓጉዙ ኩባንያዎች፣ ከእነዚህም ዋነኛው ዌልስ ፋርጎ፣ ከነጂው ጎን ጠባቂ ማስቀመጥ ጀመሩ። ጠባቂው አጭር ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገን በጭኑ ላይ ያሳርፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ በመኪና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን መቀመጥን በዚሁ መሣሪያ ስም ይጠሩታል። ዘራፊውም በበኩሉ ያንኑ መሣሪያ ይዞ ይጠብቅ ነበር። በሽፍትነት ስሙ ብላክ ባርት የተባለው ቻርልስ ቦልስ ከ1875 እስከ 1883 በካሊፎርኒያ መንገዶች ላይ የዌልስ ፋርጎን ሠረገላዎች ሲያስቆም ሾትገን ይደግን እንጂ ተኩሶ ሰው አልጎዳም፤ ጠመንጃው ባዶ ነበር የሚሉም አሉ። ሁለት ጊዜ ደግሞ በዘረፋው ስፍራ ግጥም ጽፎ ትቷል። ገጣሚ ሽፍታ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ባይሆንም፣ የዚህኛው ግጥም የተላከው ለንጉሥ ወይም ለባላባት ሳይሆን ለአንድ የንግድ ኩባንያ መሆኑ ይለየዋል።

በጥቅምት 26 ቀን 1881 በአሪዞና ቱምስቶን ከተማ የተካሄደውና በኋላ ብዙ ፊልም የተሠራበት የተኩስ ልውውጥ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው የፈጀው። በዚያች ደቂቃ ባልሞላች ግጭት የጥርስ ሐኪም የነበረው ዶክ ሆሊደይ አጭር ሾትገን ይዞ ነበር። በሾትገኑ ከተኮሰ በኋላ ወደ መሬት ወርውሮት ሽጉጡን መዘዘ። ይህች ትንሽ ዝርዝር ልትታለፍ አይገባም። በዚያ ዘመን በእውነተኛ የሞት ሽረት ትግል ውስጥ ባለ ሁለት አፈሙዙን ሾትገን ባዶ ከሆነ በኋላ እንደገና ለማጉረስ ጊዜ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ጨዋታው በሙሉ የቆመው ግን ታሪኩ በዘለላት በዚያች የማጉረስ ቅጽበት ላይ ነው።

ስሙን ለጨዋታው ያዋሰው ካውቦይስ ማን ነበር? ፊልሙ ሽጉጥ የታጠቀ ብቸኛ ጀግና አድርጎ ቢስለውም፣ በተግባር በወር ከ30 እስከ 40 ዶላር የሚከፈለው፣ የባለሀብት ከብት የሚነዳ የቀን ሠራተኛ ነበር። ከመካከላቸውም ብዙ ጥቁሮችና ሜክሲካውያን ነበሩ። በ1883 በሰሜን ቴክሳስ የከብት ነጂዎች ደመወዛቸው በወር 50 ዶላር እንዲሆን ጠይቀው ሥራ አቁመው ነበር። የከብት ኩባንያዎቹ ግን በምትካቸው ሌሎችን ቀጥረው አድማውን አከሸፉት። ይህ ታሪክ በየውድድሩ ሜዳ ከሚተከሉት የይስሙላ ባንኮችና መጠጥ ቤቶች መካከል ስፍራ የለውም።

አሁን ወደ ሠሪው እንመለስ። ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ በ1855 በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆናታን ጠመንጃ ሠሪና ጠጋኝ ስለ ነበረ ልጁ ያደገው በሞረድና በመዶሻ ድምፅ መካከል ነው። በ1883 የዊንቸስተር ኩባንያ ኃላፊ ቶማስ ቤኔት ከምሥራቁ ጠረፍ እስከ ኦግደን ድረስ ተጉዞ የወጣቱን ብራውኒንግ የአንድ ጥይት ጠመንጃ ፈጠራ በ8,000 ዶላር ገዛ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ከኦግደን የወጣ ሐሳብ በኒው ሄቨን ፋብሪካ ብረት እየሆነ ይወጣ ነበር።

ኩባንያው ተደጋጋሚ ሾትገን እንዲሠራለት ብራውኒንግን በጠየቀ ጊዜ፣ እርሱ ለዚህ ሥራ የሚስማማው የሚሳብ እጀታ መሆኑን ያምን ነበር። የዊንቸስተር ስም የታወቀው ግን በማንሻ በሚሠሩ ጠመንጃዎች ስለ ነበረ፣ ኩባንያው ሾትገኑም ያንን መልክ እንዲይዝ ፈለገ። የገበያ ፍላጎት የባለሙያውን ፍርድ ረታ። በዚህ ሁኔታ ተፀንሶ በ1887 የወጣው ሾትገን ቁጥር 10 እና ቁጥር 12 ሆኖ እስከ 1901 ወደ 65 ሺህ ያህል ተሠራ። ወፍራም ወገብ፣ ረዥም በርሜልና ማንሻው ሲወርድ ከውስጡ እየተንከባለለ የሚወጣ ትልቅ የብረት መዝጊያ ነበረው። በውበቱ የሚያከራክር፣ በብልሃቱ ግን የማያከራክር ሥራ ነው። የተነደፈው ለጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ ጭስ አልባው ባሩድ ገበያውን ሲይዝ ዘመኑ አለፈ።

ብራውኒንግ የሚሳበውን እጀታ በ1893 ሠርቶ አቀረበ። ይህኛው ግን ለአዲሱ ጭስ አልባ ባሩድ ግፊት በቂ ጥንካሬ ስላልነበረው ተሻሽሎ በ1897 በአዲስ ስም ወጣ። ወገቡ ወፈረ፤ የላዩ ክፍል ተዘጋ፤ ቀለሁ በጎን እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ሞዴል እስከ 1957 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሲወጣ የተራው ዓይነት ዋጋ 25 ዶላር ነበር፤ ይህም የከብት ነጂውን የአንድ ወር ደመወዝ አብዛኛውን ክፍል የሚበላ ነው። ገበሬ፣ አዳኝ፣ የእስር ቤት ጠባቂና ፖሊስ ሁሉ ገዝቶታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በርሜሉ አጥሮ፣ እጅን ከግለት የሚጠብቅ የተበሳሳ ብረት ለብሶና ሳንጃ ተገጥሞለት ወደ ፈረንሳይ ምሽጎች ዘመተ። በ1918 የጀርመን መንግሥት ይህ መሣሪያ ከጦር ሕግ ውጭ የሆነ ሥቃይ ያደርሳል ሲል ለአሜሪካ የተቃውሞ ማስታወሻ ላከ፤ አሜሪካም ተቃውሞውን ሳትቀበለው ቀረች። ብራውኒንግ ራሱ በ1902 ገደማ በክፍያ ጉዳይ ከዊንቸስተር ተለይቶ ፊቱን ወደ ቤልጂግ አዞረ። በ1926 የሞተውም እዚያው ሊዬዥ አጠገብ ባለው ፋብሪካ ውስጥ በሥራ ላይ እንዳለ ነው። ርካሽ ሾትገን ወደ አሜሪካ ትልክ የነበረችው አገር የአሜሪካውን ታላቅ ባለሙያ ማረፊያ ሆነች።

ሲኒማ እነዚህን ጠመንጃዎች ሁለተኛ ሕይወት ሰጣቸው። የመጀመሪያው ዝነኛ የምዕራብ ፊልም የተሠራው በ1903 ነው፤ የተቀረጸውም በምዕራብ ሳይሆን በምሥራቁ የኒው ጀርሲ ግዛት ነበር። በ1939 የጆን ፎርድ «ስቴጅኮች» የሠረገላውን ጠባቂ ከነሾትገኑ የዓለም ተመልካች እንዲያውቀው አደረገ። በ1969 የወጣው «ዘ ዋይልድ በንች» 1897ቱን በሽፍቶች እጅ አሳየ። በ1991 ደግሞ ከወደፊት ዘመን መጣ የተባለ ሰው መሰል መኪና በሞተር ብስክሌት ላይ ሆኖ የ1887ቱን ሾትገን በአንድ እጁ እያሽከረከረ ሲያጎርስ ታየ። ለዚያ ትርዒት ማንሻው ተሰፍቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ቅርጹ እንዲያ ሊሽከረከር አይችልም። የካውቦይ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም ለረዥም ዘመን የታየ በመሆኑ፣ አንባቢ የጀግናው እጅ ምን ያህል ይፈጥን እንደ ነበር ያስታውሳል። የፊልሙ እጅ የሚፈጥነው ግን በመቀስና በሙጫ ነው። ጊዜው የተቆረጠው በፊልም ማቀናበሪያ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የውድድሩ ተጫዋች ይህንኑ ፍጥነት በራሱ እጅ፣ በእውነተኛ ሰዓት ፊት ማግኘት ፈለገ፤ አሮጌው ብረት ደግሞ እሺ አላለውም። እዚህ ላይ ነው ጠጋኙ የሚጠራው።

ጠጋኙ መጀመሪያ ጠመንጃውን ይመረምራል። የባለ ሁለት አፈሙዙን ሾትገን በርሜሎች ከወገቡ አላቅቆ በብርሃን ፊት ይይዛቸዋል። በላያቸው እንደ እንጨት ሥር ወይም እንደ ውኃ ሞገድ የተጠላለፈ ንድፍ ካየ፣ ደማስቆ የሚባሉት ናቸው። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች እንደ ገመድ ተፈትለው፣ በዘንግ ዙሪያ ተጠምጥመው፣ በእሳትና በመዶሻ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። ለዓይን እጅግ ያምራሉ፤ የአንጥረኛን ትዕግሥት የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን በመጋጠሚያዎቹ መካከል ለመቶ ዓመት የተደበቀ ዝገት ሊኖር ስለሚችል፣ ለዘመናዊ ጥይት እንዳይውሉ ይመከራል። አስተዋይ ጠጋኝ እንዲህ ያለውን ሾትገን ሳይነካው ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ግድግዳ ላይ ስቀለው ይለዋል።

ሁለተኛው ምርመራ የጥይቱ ጎሬ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ቁጥር 12 ሾትገኖች ጎሬያቸው 67 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ የዛሬው መደበኛ ጥይት ተተኩሶ ሲዘረጋ 70 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ሦስት ሚሊሜትር ነው። ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት አፉ የታጠፈ ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የተዘረጋው አፍ ከጎሬው ፊት ያለውን ጠባብ አንገት ይዘጋውና ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ይህ ሦስት ሚሊሜትር በአሮጌና በአዲስ ዘመን መካከል ያለውን ርቀት በትክክል የሚለካ ይመስላል። ጠጋኙ ጎሬውን በልዩ መሰርሰሪያ ያስረዝማል ወይም ባለቤቱ አጭር ጥይት እንዲገዛ ያዘዋል። የበርሜሉ ግድግዳ ከሳሳ ደግሞ ሁለቱንም ይከለክላል።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው የሚፈልገው ሥራ ይጀመራል። ባለ ሁለት አፈሙዙ ሾትገን ሲከፈት ቀለሁን በራሱ መወርወር ስለ ተከለከለ፣ ተጫዋቹ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ሲነጥረው ሁለቱ ቀለሆች በክብደታቸው ተንሸራተው መውደቅ አለባቸው። በዝገት የሻከረ ጎሬ ግን ቀለሁን ጨምድዶ ይይዛል። ስለዚህ ጎሬው በየደረጃው እየቀለለ በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት እንደ መስታወት እስኪያበራ ይፈተጋል። የጎሬው አፍ ጠርዝ፣ የሚንቀጠቀጥ ጣት ጥይቱን ሲያስገባ እንዳይሰናከል፣ በጥቂቱ ይሞረዳል። በተከፈተ ቁጥር ራሱን የሚቆልፈው የደኅንነት መቆለፊያ እንዳይመለስ ይደረጋል፤ መክፈቻውን የሚይዘው ጠንካራ ሞላም ይለዝባል። ለአንድ ዳክዬ አዳኝ በረግረግ ዳር እነዚህ ሁሉ ጉድለቶች አልነበሩም። መቆለፊያው ራሱን መቆለፉ ሕይወቱን ይጠብቅለት ነበር።

በርሜሉም ያጥራል። የቀድሞዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ኢንች ይረዝማሉ፤ የውድድሩ ተጫዋች ከ20 ኢንች ገደማ በላይ አይፈልግም። በ1934 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ18 ኢንች ያጠረውን ሾትገን በልዩ ምዝገባ ሥር ስላዋለው መጋዙ ከዚያ በታች አይወርድም። የሚቆረጠው ጫፍ ግን ተራ ብረት አይደለም። የጥንት ሠሪ የእርሳሱ ፍሬ በሩቅ እንዳይበተን ሲል የበርሜሉን አፍ በጥቂቱ ያጠብበው ነበር፤ የጠመንጃው የአደን ብልሃት ያለው በዚያች ጠባብ አፍ ውስጥ ነው። የብረት ዒላማው ጥቂት እርምጃ ርቆ የተተከለ በመሆኑ ይህ ብልሃት ለጨዋታው ፋይዳ የለውም። መጋዙ ሲያልፍ የሠሪው ስሌት ወለሉ ላይ ይወድቃል።

የ1887ቱ ሾትገን የራሱ ጠባይ አለው። ጥይቶቹ ከላይ በተከፈተው ወገብ አንድ በአንድ ገብተው ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ ይደረደራሉ፤ ማንሻው ሲሠራ ጥይቱን የሚያነሣ መደገፊያ ወደ ጎሬው ያቀርበዋል። ለጨዋታው ይህ ሥርዓት ይዘገያል። የካውቦይ ተኩስ ጠጋኞች መደገፊያውን ለውጠው፣ ተጫዋቹ ሁለት ጥይት በአንድ መዳፍ ይዞ ከላይ በአንዴ እንዲጥላቸው የሚያስችል ዘዴ አበጁ። ይህ ማሻሻያ በውድድሩ ዓለም የታወቀ ሲሆን፣ ሰነፍ ይባል የነበረውን ማንሻ ከሌሎቹ ጋር ለመፎካከር አብቅቶታል። ብራውኒንግ ሳይወድ የሠራው ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በኋላ የእርሱን ጥርጣሬ የሚያስተባብሉ ጠጋኞች አገኘ ማለት ነው።

በውድድሩ ሜዳ ብዙ የሚታየው ግን 1897 ነው። ይህ ጠመንጃ ሲሳብ መዝጊያው ከወገቡ ወደ ኋላ ወጥቶ ይመለሳል፤ አያያዙን ያልለመደ ተኳሽ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ይቆረጣል። ቃታው እንደ ተሳበ ሆኖ እጀታው ቢሳብና ቢመለስ መዝጊያው በተዘጋ ቁጥር ይተኩሳል፤ ይህን የሚከለክል ክፍል አልተበጀለትም። ጠጋኙ ሌላውን ከመንካቱ በፊት መዶሻው በግማሽ ተስቦ የሚያርፍበትን ትንሽ ጥርስ ያያል፤ ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ጠመንጃው ሲወድቅ ወይም ሲጋጭ ሊተኩስ ይችላል። ከዚያም ከቱቦው የሚወጡትን ጥይቶች አንድ በአንድ የሚለቁትን ሁለት ማገጃዎች ይመረምራል። ሌላው ችግር ደግሞ የቀድሞ ሠራተኞች ችሎታ የፈጠረው ነው። በኒው ሄቨን ፋብሪካ ብዙው ክፍል በመጨረሻ በእጅ እየተሞረደ ለአንዱ ጠመንጃ ብቻ ይገጠም ስለ ነበር፣ ከአንዱ የወለቀ ክፍል ሌላው ላይ ያለ ሞረድ እምብዛም አይገጥምም። የዛሬው ጠጋኝ የሚያደርገው ስሙ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገውን መድገም ነው። ያ ሠራተኛ የሞረደው እንዲገጥም ነበር፤ የዛሬው የሚሞርደው እንዲፈጥን ነው። ሁለቱ የሞረድ ምልክቶች በአንድ ብረት ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ ለታሪክ ተመራማሪ ከተጻፈ ሰነድ ያላነሰ ይናገራሉ።

ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ሙግት ቀላል አይደለም። 1897 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሠራ፣ አብዛኛውም በጎተራና በምድር ቤት የዛገ ዕቃ ነው። ጨዋታው ባይመጣ ኖሮ ብዙው ወደ ብረት ማቅለጫ በሄደ ነበር። ጠጋኙ ያነሣዋል፤ ያክመዋል፤ እንደገና ያሠራዋል። በዚህም ሊጠፋ የተቃረበ የእጅ ሙያ፣ ሞላ ማሞቅና ማብረድ፣ ብረት በብረት ማጋጠም፣ ለወጣት እጅ ይተላለፋል። ከተወዳዳሪዎቹም ጥቁር ባሩድ ብቻ የሚተኩሱ አሉ፤ ነጭ ጭሱ ዒላማውን ሲጋርድባቸው የአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ተኳሽ ምን ያህል በጭፍን ይተኩስ እንደ ነበር ከመጽሐፍ ይልቅ በዓይናቸው ይማራሉ። መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ጠመንጃ ይህን አያስተምርም።

በሌላው ወገን ያለው ሚዛን ግን ከባድ ነው። የብራና መጽሐፍ እንደገና ሲደጎስ ዳሩ ቢከረከም፣ በኅዳጉ የተጻፈው የርስት ውል አብሮ ይጠፋል። በአሮጌ ሾትገን ላይም ያለው ጭረት፣ በቤት ውስጥ ጥገና በሽቦ የታሰረው ሰደፍ፣ የተበላው ጎሬ፣ ድሀው ገበሬ ጠመንጃውን እንዴት ይይዘው እንደ ነበር የሚናገሩ ብቸኛ ምስክሮች ናቸው፤ ገበሬው ሌላ ጽሑፍ አልተወምና። ጎሬው እንደ መስታወት ሲያበራ ይህ ምስክርነት ይፋቃል። የሚቀረው ጠመንጃ የ1897 መልክ፣ የፊልም ፍጥነትና የዛሬ ሰው ፍላጎት ያለው ሦስተኛ ነገር ነው። ከነቅርጹ፣ ከነቀለሙና ከነረዥም በርሜሉ ሳይነካ የደረሰ 1887፣ ሁሉም ከ65 ሺህ ገደማ እንደ ተረፉ ሲታሰብ፣ ለጨዋታ ሲባል መጋዝ ሊነካው አይገባም። የተበላሸውና ቀድሞ የተነካካው ግን ቢሞረድ የሚያስወቅስ አይሆንም።

ገበያው ራሱ መፍትሔ አቅርቧል። የቻይናው ኖሪንኮ 1897ን አስመስሎ ሠራ፤ የ1887ቱም ቅጂ ከቻይናና ከጣልያን ፋብሪካዎች ወጣ። እነዚህ በአዲስ ብረት የተሠሩ ስለሆኑ ዘመናዊውን ጥይት ያለ ስጋት ይቀበላሉ፤ በርሜላቸውም ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ አጥሮ ይመጣል። የኒው ሄቨን ፋብሪካ በ2006 ከተዘጋ በኋላም ቅጂው መሸጡን ቀጥሏል። የሚያስገርመው ግን ቅጂው ከፋብሪካ እንደ ወጣ አለመፍጠኑ ነው። የቀድሞውን ንድፍ በታማኝነት ስለ ቀዳ የቀድሞውን ዝግታም አብሮ ቀድቷል። ስለዚህ አዲሱም ጠመንጃ ከሣጥኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጠጋኙ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ሞላው ይለዝባል፣ ጠርዙ ይሞረዳል፣ መደገፊያው ይለወጣል።

ጠንቃቃ ጠጋኞች በዕድሜ ጠገብ ጠመንጃ ላይ ሲሠሩ አንድ ልማድ አላቸው። የመጀመሪያውን ክፍል ሳይሞርዱ አውልቀው በምትኩ አዲስ ይሠሩና ይገጥማሉ። ሥራው አልቆ ጠመንጃው ለባለቤቱ ሲሰጥ፣ የወለቀው መደገፊያ ወይም ሞላ በዘይት በነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የጠመንጃው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ታስሮበት አብሮ ይመለሳል።